የወደቀ ሞዴል አውሮፕላን ስብርባሪ ምን ይሠራል? ከጎንደር የተጻፈ የአሠራር መመሪያ

ሞዴል አውሮፕላን ወድቆ ሲከሰከስ ዓይን የሚያርፈው የተሰበረው ላይ ነው። አፍንጫው ተጨፍልቋል፤ አንዱ ክንፍ ለሁለት ተከፍሏል፤ ፕሮፔለሩ የት እንደገባ አይታወቅም። ረጋ ብላችሁ አንድ በአንድ ብታዩት ግን የተረፈው ይበልጣል። ጭራው ላይ ያሉት ሰርቮዎች፣ ማለትም መሪ ክፍሎቹን የሚያንቀሳቅሱት ትንንሽ ሞተሮች፣ ይሠራሉ። የካርቦን ዘንጎቹ ቀጥ እንዳሉ ናቸው። ሽቦው፣ ጎማው፣ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው ሪሲቨር ምንም አልሆኑም።

ጎንደር ላይ ሞዴል ማብረር ከባድ የሆነበት ምክንያት አለው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ወደ 10 በመቶ ፈጥኖ መሄድ አለበት። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ማረፊያው ይፈጥናል፤ ፈጣን ማረፊያ ደግሞ አፍንጫና ጎማ ይበላል። ዕቃው በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ነው። እንዲህ ተለፍቶ የመጣን ነገር ጠርጎ መጣል ያንገበግባል።

እኔ አንድ ክፍል እጄ ሲገባ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አሁንም ምን ይችላል? የማይዞር ሞተር ማግኔት አለው። ጥርሱ ያለቀ ሰርቮ ደህና የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አለው። ከታች ያሉት ሥራዎች ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የወጡ ናቸው። አንዳቸውም መልሰው ሰማይ ላይ አይወጡም። ድሮን ማብረር አገራችን ውስጥ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የጠረጴዛ ሥራ ግን ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሰጌቶ፣ ቴስተርና ትዕግሥት ካላችሁ ይበቃዋል።

ደረጃ 1፦ ከሁሉ በፊት ባትሪው

ካቻቢቴ ከማንሣታችሁ በፊት ባትሪውን ንቀሉ። ሞዴል አውሮፕላኖች በብዛት የሚጠቀሙት ሊፖ የሚባለውን ሊትየም ፖሊመር ባትሪ ነው። ይህ ባትሪ ከተመታ በኋላ ደህና መስሎ ይቀመጥና ቆይቶ ሊያብጥ፣ አልፎም ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ወደ ቤት አታስገቡት። ውጭ፣ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ፣ ከሚነድ ነገር አርቃችሁ አስቀምጡት። አሸዋ ያለበት የብረት ባልዲ ካላችሁ እዚያ ውስጥ ይሁን። ለጥቂት ሰዓታት ተዉት።

ከዚያ ተመልከቱት። ካበጠ፣ ጠርዙ ከተጎዳ ወይም ጣፋጭ የኬሚካል ሽታ ካለው ሥራው አብቅቷል። መከራከር አያስፈልግም። ሽፋኑ ካልተበሳ ኃይሉን ማስጨረስ ይቻላል፦ ለባለ 3 ሴል ባትሪ የመኪና ባለ 12 ቮልት አምፖል በሽቦ አገናኙና አሸዋው ውስጥ እንዳለ ውጭ ተዉት። አምፖሉ ይፈዛል፣ ይጠፋል። ከጠፋ በኋላም እስከ ማግሥቱ እንደተገናኘ ይቆይ። ከዚያ የሽቦዎቹን ጫፍ ለየብቻ በናስትሮ ጠቅልሉ። የተበሳ ወይም የተቀደደ ባትሪ ከሆነ ግን ምንም አታገናኙበት፤ አሸዋው ውስጥ ይቅር። ሊፖ ባትሪ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ ውስጥ አይጣልም። ለልጅ መጫወቻም አይሰጥም።

ደህና የመሰለውን እያንዳንዱን ሴል በቴስተር ለኩ። ሙሉ ሴል 4.2 ቮልት ነው፤ ከ3.0 በታች ከወረደ ተጎድቷል፤ ለማስቀመጥ 3.8 አካባቢ ይመረጣል። አንዱ ሴል ከሌሎቹ ጎልቶ ካነሰ አትመኑት። መብራት ሲጠፋ የወደቀ ሊፖ ለቤት መብራት ላድርገው የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልመክርም። ሰው ተኝቶ በሚያድርበት ክፍል ውስጥ አንዴ የተከሰከሰ ሊፖ መኖር የለበትም። ከዚህ በታች ላሉት ሥራዎች የስልክ ቻርጀር ወይም ፓወር ባንክ ይበቃል።

ደረጃ 2፦ መፍታት

አትጎትቱ። ፎም ላይ የተጣበቀ ሰርቮ በጉልበት ሲነሣ ሽቦው ከሥሩ ይበጠሳል። በትኩስ ሙጫ የተያዘ ከሆነ ከፋርማሲ የሚገዛ አልኮል ጠርዙ ላይ ጠብ አድርጉና ትንሽ ጠብቁ፤ ሙጫው ይለቃል። ብሎኖቹን የእንቁላል ካርቶን ውስጥ በየዓይነታቸው ክተቱ። የሞዴል ብሎን በጣም ትንሽ ነው፤ ከጠፋ ተመሳሳዩን ማግኘት ጣጣ ነው። ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ። ሲጨርሱ የትኛው ከየት እንደወጣ የሚያስታውስ ሰው የለም።

ደረጃ 3፦ ሰርቮ፣ የስብርባሪው አለቃ

ከአንድ የወደቀ አውሮፕላን ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ሰርቮ ይገኛል። ባለ 9 ግራሙ ትንሹ ሰርቮ በጣም የተለመደ ነው። ሦስት ሽቦ አለው፦ ቡናማው ወይም ጥቁሩ ነጌቲቭ፣ ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ብርቱካናማው ወይም ነጩ ትእዛዝ የሚቀበል። የሚፈልገው ከ4.8 እስከ 6 ቮልት ነው። ትእዛዙ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚላክ አጭር ምት ነው፤ ምቱ 1.5 ሚሊሴኮንድ ሲሆን ክንዱ መሐል ይቆማል፣ ወደ 1 ወይም ወደ 2 ሲሄድ ወደ ጎን ይዞራል። ይህን በአርዱይኖ (ትእዛዝ በኮምፒውተር ተጽፎ የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ወይም በርካሽ የሰርቮ መሞከሪያ መላክ ይቻላል።

ስትሞክሩት ድምፁ ይነግራችኋል። ሞተሩ እየጮኸ ክንዱ የሚያመልጥ ከሆነ ጥርሶቹ አልቀዋል። ጭራሽ ዝም ካለ ሰሌዳው ወይም ሽቦው ሄዷል። የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ክንዱ የት እንዳለ የሚለካው የውስጥ ክፍል (ፖቴንሽዮሜትር) ተበላሽቷል። ጥርሱ ያለቀና ሰሌዳው የተቃጠለ ሁለት ተመሳሳይ ሰርቮ ካላችሁ አንድ ጤነኛ ሰርቮ አላችሁ ማለት ነው። ከሥር ያሉትን አራት ረጃጅም ብሎኖች ፍቱ፣ የላይኛውን ክዳን አንሡ፣ የጥርሶቹን አደራደር ፎቶ አንሡ፣ ደህናዎቹን ጥርሶች ደህና ሰሌዳ ወዳለው አዛውሩ፣ ጠብታ ግሪስ ጨምሩና መልሳችሁ ግጠሙ።

አሁን ሥራ እንስጠው። እኔ የምወደው የዶሮ መጋቢ ነው፤ ጠዋት ጎሕ ሲቀድ ራሱ ከፍቶ እህል ያፈሳል።

አንድ ትልቅ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣችሁ አፉን ወደ ታች ዘቅዝቁ፤ ሞራሌ ላይ በሽቦ እሰሩት። ከአፉ ሥር ከጠንካራ ፕላስቲክ የተቆረጠ ትንሽ ክዳን ይኑር፤ ክዳኑ ሰርቮው ክንድ ላይ ይታሰር። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ክዳኑ ወደ ጎን ይንሸራተት እንጂ እህሉን ከሥር ደግፎ አይሸከም። ባለ 9 ግራም ሰርቮ ከመዘውሩ 1 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ወደ 1.5 ኪሎ ያነሣል፤ 3 ሳንቲ ሜትር ላይ ግን ግማሽ ኪሎ ብቻ። ሙሉ ጠርሙስ ማሽላ ክብደቱን ከጣለበት ጥርሱ በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ክዳኑ የሚንሸራተትበት ላሜራ ከሥር ካደረጋችሁ ክብደቱን ላሜራው ይሸከማል፤ ሰርቮው የሚሠራው መግፋት ብቻ ይሆናል።

መቼ እንደሚከፍት የሚወስነው ብርሃን ለኪ ነው። ይህን ቁራጭ ከ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ጋር ከአርዱይኖው ጋር አገናኙና “ከጨለማ በኋላ ብርሃን ሲመጣ አንድ ጊዜ ክፈት፣ ሁለት ሴኮንድ ጠብቅ፣ ዝጋ” የሚል ትእዛዝ ጻፉ። ሰዓት ቆጣሪ ያልመረጥኩት በምክንያት ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቆጣሪው ከዜሮ ይጀምራል፤ ፀሐይ ግን ሰዓቷን አትስትም። ማታ በባትሪ መብራት ስታልፉበት እንዳይሞኝ ብርሃኑ ቢያንስ አሥር ደቂቃ መቆየቱን እንዲያረጋግጥ አድርጉት። የሰርቮውን ቀይ ሽቦ በቀጥታ ከ5 ቮልቱ ምንጭ አገናኙ፤ በአርዱይኖው በኩል አታሳልፉት፣ ሰርቮው ሲነሣ ሰሌዳው ይጠፋል። ነጌቲቮቹ ግን የግድ አንድ ላይ ይያያዙ። ፓወር ባንክ ከተጠቀማችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ብዙዎቹ የሚወጣው ኃይል ሲያንስ ራሳቸውን ያጠፋሉ። ገዝታችሁ ከመቆጨት መጀመሪያ አንድ ሌሊት ሞክሩት።

ደረጃ 4፦ ሞተር ለሳይንስ ክበብ

ሞተሩን በጣታችሁ አዙሩት። ማግኔቶቹ እየያዙ እየለቀቁ ለስለስ ብሎ ከዞረ ጤነኛ ነው። አሸዋ እንዳለበት ከተንኮሻኮሸ ኩሽኔታው ቆሽሿል። አንድ ቦታ ላይ እየፋቀ የሚዞር ከሆነ ዘንጉ ጎብጧል ወይም ማግኔት ተላቋል።

ሞዴል ሞተር ያገኘ ሰው ሁሉ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሊሠራበት ያስባል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ግን አይፈቅድም። ሞተሩ ላይ 1000ኬቪ የሚል ጽሑፍ ካለ፣ በደቂቃ 1000 ዙር ሲዞር ወደ 1 ቮልት ይሰጣል ማለት ነው። ንፋስ በደቂቃ 300 ጊዜ ቢያዞረው የሚገኘው 0.3 ቮልት ነው። ይህ ስልክ ቀርቶ ትንሽ መብራት አያበራም። ጥርስ ገጥሞ ዙሩን ካላበዙት ልፋት ነው።

ለማስተማሪያ ግን ወደር የለውም። ሞተሩን ኮምፔንሳቶ ላይ በብሎን እሰሩ። ሦስት ሽቦ አለው። ሦስት ቀይ ኤልኢዲ ውሰዱና አንዱን በአንደኛውና በሁለተኛው ሽቦ መካከል፣ ሌላውን በሁለተኛውና በሦስተኛው፣ የቀረውን በሦስተኛውና በአንደኛው መካከል አገናኙ። ቀይ ያልኩት ወደ 2 ቮልት ስለሚበቃው ነው፤ ነጩ 3 ያህል ይፈልጋል። ከዚያ አንድ ሜትር ያህል ጠንካራ ክር በሚዞረው የሞተሩ ቆብ ላይ ጠምጥሙና ጄኔሬተር በገመድ እንደሚነሣው ወዝውዛችሁ ጎትቱ።

ስሌቱን ልጆቹ ራሳቸው ይሥሩት። የቆቡ ስፋት 28 ሚሊ ሜትር ከሆነ ዙሪያው ወደ 88 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ሜትር ክር 11 ዙር ያህል ይሰጣል። ክሩ በሩብ ሴኮንድ ተጎትቶ ካለቀ ሞተሩ በደቂቃ ወደ 2,700 ዙር ፍጥነት ዞሯል፤ 1000ኬቪ ከሆነ 2.7 ቮልት ገደማ ነው። ኤልኢዲዎቹ ቦግ ይላሉ። ቀስ ብሎ የጎተተው ልጅ ግን ምንም አያይም፤ ለምን የሚለው ጥያቄ ራሱ ይመጣል።

ቀጥሎ ኤልኢዲዎቹን ንቀሉና ሦስቱን ሽቦዎች እርስ በርስ አገናኙ። አሁን በእጅ ለማዞር ሞክሩ። ሞተሩ ይከብዳል። ሽቦዎቹን ለዩዋቸው፤ ወዲያው ይቀላል። ኤሌክትሪክ በነፃ እንደማይመጣ፣ የሚወስደው ሰው ሲኖር የሚያዞረው እጅ እንደሚደክም ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ መሣሪያ አላውቅም። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው፤ እዚያ የሚደክመው ውሃው ነው።

ፕሮፔለርን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የተሰነጠቀ ወይም ጫፉ የጎደለ ፕሮፔለር ተመልሶ ሞተር ላይ አይገጠምም፤ ተፈናጥሮ ዓይን ያጠፋል። የግድግዳ ልብስ መስቀያ ይሁን፤ መሐሉ ላይ ቀዳዳ ስላለው በአንድ ብሎን ይታሰራል። ጎማዎቹን ለልጆች መኪና ስጡ።

ደረጃ 5፦ ሽቦው ወስፌ ሲሆን

ብዙ ሰው የማያስበው ይህን ነው። ሰርቮውን ከክንፉ ጋር የሚያገናኘውና የጎማው እግር የሆነው ሽቦ ተራ ሽቦ አይደለም። ብዙ ካርቦን ያለው፣ ታጥፎ የሚመለስ፣ ጠንካራ የስፕሪንግ ብረት ነው። ሙዳይና መሶብ ለሚሰፋ ሰው ደግሞ ጥሩ ወስፌ ትልቅ ነገር ነው።

ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ሽቦ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ለዩ። በፒንሳ ለመቁረጥ አትታገሉ፤ የፒንሳው አፍ ይጎዳል። በሞረድ ዙሪያውን ጫር አድርጉና ሞርሳ ውስጥ አስራችሁ ስበሩት። ሲሰበር ስለሚፈናጠር መነጽር አድርጉ። ከዚያ ጫፉን መሳያ ድንጋይ ላይ በውሃ እያራሳችሁ ሳሉት። በኤሌክትሪክ መሳያ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከዞረ በሙቀት ለስልሷል፤ ያ ክፍል ተቆርጦ እንደገና መጀመር አለበት።

ሾጣጣው ረጅም ይሁን፣ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል። ድንገት የሚሾል አጭር ጫፍ አክርማውን ይሰነጥቀዋል እንጂ መንገድ አይከፍትም። መጨረሻ ላይ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ወደ ርዝመቱ ብቻ አሹት፤ ዙሪያውን ከታሸ ጭረቱ ሰንደዶውን ይይዛል። ለእጀታ የወይራ እንጨት ቁራጭ በሽቦው ልክ ብሱ፣ የሽቦውን ቂጥ በሞረድ አሻክራችሁ በባለ ሁለት ቱቦው ኢፖክሲ ኮላ አስገቡ። ስፌት የሚያውቁ እናት ጫፉን በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው ወዲያው ይፈርዱላችኋል። ወፍራም ነው ካሉ ወፍራም ነው፤ መልሳችሁ ሳሉት።

ደረጃ 6፦ የካርቦን ዘንግ

ካርቦን ፋይበር ቀላልና ግትር ነው፤ አቧራው ግን ክፉ ነው። ቆዳ ያሳክካል፣ ሳንባም አይወደውም። ሁልጊዜ ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ሸፍናችሁ፣ በውሃ እያራሳችሁ በሰጌቶ ቁረጡ። የምትቆርጡበትን ቦታ አስቀድማችሁ በናስትሮ ጠቅልሉ፤ አይሰነጠርም። የተቆረጠውን ጫፍ በሱፐር ግሉ ድፈኑት። ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ለምንም ነገር አትጠቀሙበት።

ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ቧንቧ ደስ የሚል የጭራ እጀታ ይወጣዋል። የፈረስ ጭራውን ሥሩን እኩል አድርጋችሁ በሰም ክር አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ኢፖክሲ ቀቡና ቧንቧው ውስጥ አስገቡት። ቀኑን ሙሉ ቢወዘወዝ እጅ አያደክምም።

ረጅሙን ዘንግ ለካሜራ አስቀሩት። አውሮፕላኑ ላይ ምስል የሚልክ ትንሽ ካሜራ ከነበረ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ከትንሽ መብራት ጋር አስራችሁ ሮቶ ውስጥ ማየት ትችላላችሁ። ከሥሩ ምን ያህል ጭቃ እንደተኛ መሰላል ላይ ሳትንጠላጠሉ ይታያል። ሁለት ነገር አትርሱ፦ ምስል ላኪው አንቴናው ሳይገጠም አይከፈት፣ ይቃጠላል። አውሮፕላን ላይ የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ነበር፤ እጅ ላይ ያ ንፋስ ስለሌለ ጥቂት ደቂቃ ተጠቅማችሁ አጥፉት።

ደረጃ 7፦ ፎም

መጀመሪያ ይድን እንደሆነ እዩ። ኢፒኦ የሚባለው ጠንከር ያለ ፎም ተጨፍልቆ ከሆነ የፈላ ውሃ ሲፈስበት ፍሬዎቹ መልሰው ያብጣሉ። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚባለው ጊዜ ትንሽ አስረዝሙት። እጃችሁን ጠብቁ።

የማይድነውን ጭራ ሙሉውን ቆርጣችሁ ጣውላ ላይ አቁሙ፤ ሁለቱን ሰርቮዎች ከነቦታቸው ተዉአቸውና ከሰርቮ መሞከሪያ ጋር አገናኙ። የአውሮፕላን አፍንጫ በምን እንደሚነሣና በምን ወደ ጎን እንደሚዞር የሚያሳይ የክፍል መሣሪያ ሆነ ማለት ነው። የክንፉን ቁራጭ በአቋራጭ ከቆረጣችሁት ደግሞ የላይኛው ጉብታ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቀሪው ለመልቲሜትር፣ ለካሜራ፣ ለብርጭቆ ዕቃ ማሸጊያ ይሆናል፤ በስለት የዕቃውን ቅርጽ ማውጣት ነው።

ነጩ ተራ ፎም ሱፐር ግሉ፣ ቲነርና ቤንዚን ሲነካው ይሟሟል። ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት ትንሽ ቁራጭ ላይ ሞክሩ። ፎም ለምድጃ ማቀጣጠያ አይሆንም፤ ጭሱ መርዝ ነው። ምጣድና ከሰል ካለበት ቦታም ይራቅ።

ደረጃ 8፦ ሪሞቱ

አውሮፕላኑ ቢሞትም ሪሞቱ እጅ ላይ ቀርቷል። አብዛኞቹ ሪሞቶች ከጀርባቸው የማሠልጠኛ ገመድ መሰኪያ አላቸው። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር ይያያዝና የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ይከፈትበታል። ጀማሪ ልጅ እዚያ ላይ እንደፈለገ ይከስክስ። በተለይ አውሮፕላኑ ወደ እሱ ሲመጣ ግራና ቀኙ የሚገለበጥበትን ነገር ስክሪን ላይ ይልመደው፤ ብዙ አውሮፕላን የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። የማስመሰያውን የበረራ ቦታ ከፍታ መቀየር የሚቻል ከሆነ 2,100 ሜትር ላይ አድርጉለት።

ሪሲቨሩን ከሪሞቱ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ አኑሩ። እርስ በርስ የተለማመዱ ናቸው፤ ከተለያዩ የሌላ ብራንድ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ አይቀበልም። ከረጢቱ ላይ የሪሞቱን ሞዴልና የሪሲቨሩን ስም በማርከር ጻፉበት። አንቴናው ሳይታጠፍ ይቀመጥ፤ ባለ 2.4 ጊጋ ኸርዝ አንቴና ሽፋን የሌለው ጫፉ ወደ 31 ሚሊ ሜትር ነው፤ እሱ ከተቆረጠ ሪሲቨሩ ከሩቅ አይሰማም።